ማድ ቤቱ ሥር የተከልኩት ሰርዶ

እትዬ የምላቸው አከራዬ ማድ ቤታቸውን የሠሩት አፋፍ ላይ ነው። ቦንጋ ውስጥ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ አይቆይም። ባለፈው ክረምት አፋፉ እየተሸረፈ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አንድ እርምጃ ያህል ቀረው። እትዬ ግን በየማለዳው ግቢውን ጠርገው፣ ብቅ ያለ ሳር ካገኙ በመኮትኮቻ ይላጩታል። በሰፈራችን ሳር የበቀለበት ግቢ ሰው የለቀቀው ይመስላል፤ እባብ ይጠራልም ይባላል። ችግሩ የተላጨ አፈር ጎርፍ ሲመጣ የሚይዘው ነገር የሌለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ አፋፉን ሰርዶ ላልብሰው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ ሰርዶ ይነቀላል እንጂ ይተከላል?»

አስረዳኋቸው። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ መትከል አያስፈልግም። ገበሬ የሚጠላበት ጠባዩ ለአፋፍ የሚፈለገው ነው። ወደ ጎመናቸው እንዳይሻገርም ጠባብ ቦይ እቆፍርለታለሁ አልኩ።

ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «እባብ ከገባ የምታስወጣው አንተ ነህ» ብለው ፈቀዱ።

ከሜዳ ዳር የቆረጥኩትን የሰርዶ ሐረግ አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ እያደረግኩ ተከልኩት። ክረምቱ ሲገባ አፋፉ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ ሥሩ ግን ገና አልጠበቀም። ጎተት ሳደርገው አንዳንዱ ተነቅሎ እጄ ላይ ይቀራል።

በዚህ መሃል ከዋጫ ከተማ ሽማግሌዎች የእትዬን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ እሑድ እንደሚመጡ ተነገረ። ቅዳሜ ከሰዓት ስመለስ እትዬን መኮትኮቻ ይዘው አፋፉ ላይ አገኘኋቸው። በውጭው በር በኩል ያለውን ግማሽ ላጭተው ጨርሰውታል።

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉት። ሰማዩን ይዩት።»

«አየሁት። ነገ የሚመጡት ሰዎች የሚያዩት ግን ግቢዬን ነው።»

«ማድ ቤቱስ?»

ልጃቸው ከማድ ቤቱ አንገቷን አወጣች። «እማ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ እዚህ ውስጥ ነኝ እኮ። ከነወጡ ቁልቁል ብሄድ ማንን ልትድሪ ነው?»

እትዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መኮትኮቻውን አስቀመጡ። «በማድ ቤቱ በኩል ያለው ይቅር። ከበሩ አይታይም።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገብተው ገና ሳይደላደሉ ዝናቡ ወረደ። እኔም ከእነሱ ጋር ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። በረንዳው ላይ ቆሜ አፋፉን አየሁ። የተላጨው ግማሽ ቀይ ጭቃ ይተፋል። ከዚያ ቀጭን ስንጥቅ ታየኝና ወደ ማድ ቤቱ መርዘም ጀመረ።

«ቶሎ ውጪ» አልኳት ልጅቷን።

«ወጡስ?»

«ይዘሽው።»

የድስቱን አንድ ጆሮ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን እየሮጥን በረንዳው ላይ አስቀመጥነው። ዞር ስንል የተላጨው ግማሽ ከበሩ የሚያመጣውን መንገድ ይዞ ወረደ። ድምፁ ብዙ አልነበረም፤ ጆንያ የወደቀ ነው የሚመስለው። ሰርዶው ሁሉንም ያዘ ማለት አልችልም፤ ከጠርዙ ጥቂት አብሮ ሄዷል። የቀረው ግን ሥሩ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ምንጣፍ ጫፍ ታጥፎ ቆመ። ማድ ቤቱም ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ መንገድ አልነበራቸውም። በማድ ቤቱ ጎን፣ በሰርዶው ላይ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ አለፉ። ትልቁ ሽማግሌ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ መሃል ላይ ቆሙ።

«ይሄ ሳር ራሱ የበቀለ ነው?»

እትዬን አየኋቸው። እሳቸው የወረደውን አፈር ነበር የሚያዩት።

«የለም» አሉ። «የተከልነው ነው።»

ሰኞ ማለዳ በእትዬ መጥረጊያ ድምፅ ነቃሁ። በመስኮት ሳይ የሰርዶው ጠርዝ ላይ ደርሰው ቆመዋል። ጎንበስ ብለው ከነሥሩ የተንጠለጠለውን ጫፍ ወደ አፈሩ መለሱና በእግራቸው ጠቅጠቅ አደረጉት።