ከስግደቱ በፊት ያበጠው ጉልበት

የእናቴ ግራ ጉልበት ማበጥ የጀመረው በጥቅምት ነው። ቀኑን አልይዘውም፤ ወሩን ግን አልስትም፤ ዝናቡ አባርቶ ጋቢ ልናጥብ ወንዝ የወረድንበት ሰሞን ነበር። ከተቀመጠችበት ድንጋይ ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ቀረች። አልወደቀችም፤ የመታትም የለም። ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀድጄ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አባቴ ዱር ገብቷል፤ ወሬው ጠፍቶብናል። እናቴ በደህና እንድትመልስላት ልደታን የምትለምነው በስግደት ነበር። እብጠቱ አንዳንዴ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ለማንም ሳትናገር ዐቢይ ጾም ገባ። ሰሙነ ሕማማትን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ሰነበተች። በስቅለት ዕለት ከሰገደችበት መነሳት አቃታትና ሁለት ሴቶች ደግፈው ቤት አመጧት። ጉልበቷ ቅል አክሏል።

ሰፈሩ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ የስግደት ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ጉልበት ጸሎቱ ለመድረሱ ምልክት ነው እያሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይስሙት ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ፣ “እኛም ሰግደናል፤ ያበጠልን ግን ሆዳችን ነው፣ ያውም በፋሲካ” ብላ እናቴን አሳቀቻት። ስለ ጥቅምቱ እናቴ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አላልኩም።

ወጌሻው በቅቤ አሽቶ አሽቶ ሲያቅተው፣ ከተክለ ሃይማኖት በታች የአገሬውን ሰው የሚያይ ጣሊያናዊ ሐኪም አለ ተባለና ትከሻዬን ተደግፋ ሄድን። ሐኪሙ መርፌ ሰክቶ ከጉልበቷ ውሃ ቀዳ። እኔ መግል ወይም ቀይ ደም ነበር የጠበቅሁት፤ የወጣው ግን የዛገ ምስማር ያደረበት ውሃ ይመስል ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል መቼ እንደጀመራት፣ ወድቃ ወይም ተመትታ እንደሆነ ጠየቃት።

“የስግደት ነው በልልኝ፤ በሕማማት ነው የጀመረኝ” አለች።

አስተርጓሚው የሐኪሙን መልስ ሳያጓድል ነገረን። ከስግደት ከሆነ እረፍት ይበቃታል፤ ያለ ምክንያት በራሱ የመጣ ቢሆን ኖሮ ግን ጉልበቱ ተከፍቶ መታየት ነበረበት። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ዝም በይ ማለቷ መሰለኝ። ዝም አልኩ።

አባቴ አልተመለሰም። ጣሊያን ሲወጣ ከዱር የሚገባው ሁሉ ገብቶ አለቀ፤ እሱ አልነበረበትም። የእናቴም ጉልበት ከዓመት ዓመት እየደደረ መታጠፍ ተወ። ዳግመኛ አልሰገደችም፤ ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታስቀድስ ነበር። መጥተው የሚስሙትም ሴቶች ቀስ በቀስ ቀሩ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ጉልበቴ ከወንበሩ በላይ ተርፎ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሳይገባው ገጽ አይገልጥም። ስለ መገጣጠሚያ በሽታዎች የተጻፈ መጽሐፍ እጄ የገባ ጊዜ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አንዱን ምዕራፍ ሦስት ሳምንት አነበብኩት። የመገጣጠሚያውን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ያለ ቅጥ ያድጋል፤ ውስጥ ለውስጥ ይደማል፤ ውሃውን እንደ ዝገት የሚያደርገው ያ የቆየ ደም ነው። ዕጢ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አይታይም። እንደ ነቀርሳ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ካልወጣ ግን መገጣጠሚያውን እየበላ ይኖራል። ቢወጣም ሊመለስ ይችላል ይላል። ይህችኛዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ያነበብኳት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ዘንድ ዝም ማለቴን ታቀልልኝ ነበር።

ለእናቴ በቀስታ፣ አንዱንም ሳልዘል ነገርኳት።

“ስግደቱ አይደለም በይኛ” አለች።

“አይደለም፣ እማዬ።”

እግሯን እንደዘረጋች ጉልበቷን በጋቢዋ ላይ ዳበሰች። “ያን ዕለት ሐኪሙ ዘንድ፣ አፌ ያወጣውን ራሴ መመለስ አቃተኝ” አለችኝ በኋላ። “እጅሽን የያዝኩሽ እኮ አንቺ እንድትናገሪልኝ ብዬ ነው።”

ጋቢው ከጉልበቷ ተንሸራቶ ነበር። መለስኩላት።