ሰቃ የቀረው መለኪያ

ዝዋይ ባለ የአበባ እርሻ፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው የምውለው። ልቤ ግን ጅማ፣ ሰቃ ነው፤ አባቴ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ቡናቸውን እየጠበቁ ብቻቸውን በሚኖሩበት።

አለቃዬ አንድ ቀን «በእናንተ አገር ቲማቲም በግሪንሃውስ ያዋጣ ይሆን? እስቲ አየሩን አጥኚው» ሲለኝ ጮቤ ረገጥኩ። አየሩ ከተስማማ እርሻው እዚያ ይከፈታል፤ እኔም አገሬ ገብቼ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ብርሃኑን እየለካ በስልኬ የሚልክልኝ መሣሪያ ወስጄ ቤታችን አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ተከልኩ። አባቴንም አደራ አልኳቸው።

ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወር፣ የሚላክልኝ የብርሃን ቁጥር የምሽት ይመስል ነበር። ተስፋዬ ቁርጥ አለ። ሄጄ ባይ፣ መለኪያው ከሜዳው ተነስቶ ዋንዛው ሥር፣ ከቡና ችግኞቹ መሃል ቆሟል።

«አባ፣ እርስዎ ነዎት ያነሱት?»

«ኤ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! በአደራ የሰጠሽኝን ዕቃ ፀሐይ ሲያቃጥለው ዝም ልበል? ችግኝ እንኳ ጥላ ይፈልጋል፣ ወላሂ!»

እዚያው ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቡና አብቃይ እንዲህ ነው፤ የሳሳለትን ሁሉ ጥላ ሥር ያስገባል። መለኪያውን ወደ ሜዳው መለስኩት። በጋውን ሙሉ ቁጥሩ አማረ፤ እኔም ከአባቴ ቤት ጎን የራሴን ክፍል በሐሳቤ ሠርቼ ጨረስኩ፣ መጋረጃው ሳይቀር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የጅማን ክረምት እንደማላውቅ ሰው መሆኔ አሁንም ይገርመኛል። ደመናው አልገለጥ፣ እርጥበቱ አልወርድ አለ፤ እንዲህ ባለ አየር ፕላስቲክ ሥር ያለ ቲማቲም በሻጋታ ያልቃል። «አይስማማም» ብዬ ጻፍኩ፤ ጽፌም አለቀስኩ። እርሻው ቀረ። መለኪያውን አምጪ ያለኝ ግን የለም፤ እኔም አለቃዬን አላስታወስኩትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ስልኬን ከፍቼ የሰቃን አየር አያለሁ። እርጥበቱ ከፍ ሲል፣ አባቴ በር ላይ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ይታየኛል፤ ያኔ ናፍቆቱ አያድርስ ነው። ሰሞኑን፣ በጠራራው ጥር፣ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ወረደ። ወዲያው ገባኝና ደወልኩ።

«ሥራው አልቋል ብለሽኝ የለ?» አሉኝ። «እንግዲህ እሱም ይረፍ ብዬ ዋንዛው ሥር መለስኩት። አንቺስ ልጄ፣ እዚያ ጥላ አለሽ?»

ፕላስቲኩ ውስጥ ቆሜ ላቤን እየጠረግሁ ነበር።

«አለኝ፣ አባ» አልኳቸው።