የቸኮለ እሺታ

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችንን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡና፣ በዕድሜዬ ተከብሬ እኔም ከልጅቷ ወገን ተቀመጥኩ። እንግዶቹ የመጡበትን ጉዳይ ተናግረው ሳይጨርሱ አባትየው «ሰጥተናል!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ልጄ ጠጋ ብላ «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። በወጣትነቴ ያቺኑ ቃል ተናግሬ እህቴን ጉድ ልሠራት ነበር።

ዘመኑ ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔ ድሬዳዋ ከአንድ የካሚዮን ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ስፈታና ስለጥፍ እውላለሁ። አባታችን ማይጨው ዘምቶ እንደወጣ ቀርቷል። እናቴና ታናሽ እህቴ አስካለ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ። አስካለ ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው በሠሯቸው ቤቶች፣ በኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሰፈር፣ ልብስ እያጠበች እናታችንን ትደግፍ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ ከእናቴ መልእክት ደረሰኝ። «ለአስካለ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። በአባትህ ቦታ ሆነህ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ» ይላል። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ እጄ ጎማ ጎማ የሚሸት ልጅ፣ በአባቴ ወንበር ልቀመጥ ነው። አለቃችንን ለምኜ የአምስት ቀን የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። ከአምስቱ አራቱን ባቡሩ ይበላዋል። ቅዳሜ ማታ ገብቼ ሰኞ ጠዋት መሳፈር አለብኝ።

በተፈጥሮዬ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው ነኝ። ባቡሩ በቆመ ቁጥር እየወረድኩ ሐዲዱ ዳር እንጎራደዳለሁ። ለእናቴ የገዛሁትን መንደሪን በጭንቀት አንድ በአንድ እየላጥኩ በላሁት፤ ላጋር ስደርስ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው አራት ፍሬ ነው። ከጣቢያው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ፣ አደይ አበባው ገና ያልረገፈበትን ሜዳ እያቋረጥኩ፣ በሩጫ ጨረስኩት።

እናቴ ስማኝ ሳትጨርስ ትምህርት ጀመረች።

«ነገ ሲመጡ ምን እንደምትል ታውቃለህ?»

«ሰጥተናል እላለሁዋ!»

«ወግድልኝ! ልጅ በአንድ ጊዜ አትሰጥም። ‹ዘመድ እናማክር› ብለህ ቀጠሮ ትሰጣቸዋለህ። እሺ የምንለው በሁለተኛው ነው።»

«በሁለተኛውማ እኔ የለሁማ፣ እማዬ።»

«ባትኖርስ? እኔ እለዋለሁ» አለችና ጠላዋን ልታጠል ሄደች።

ያ ነገር አንገበገበኝ። ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁት እንግዳ ልመልስ ነው? እሺ የማለቱን ደስታ ለሌላ ትቼ ልሄድ ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆሙ። መሪያቸው አቶ ተክሌ የሚባሉ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሙሽራው ግርማ ልብስ ሰፊ መሆኑን፣ ጨዋ መሆኑን፣ እናትና አባቱን አንድ በአንድ ጠቀሱ። እኔ እግሬን አነቃንቃለሁ። «እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን...» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።

«ሰጥተናል!» አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ «ውይ!» ስትል ሰማሁ። አቶ ተክሌ ጓደኞቻቸውን ተመለከቱ።

«ሳንቀመጥ?» አሉ።

ተቀምጠው ጠላውን ቀመሱ፤ ግን ጨዋታ አልነበረም። ቶሎ ተነስተው ሄዱ። አስካለ ከጓዳ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ምን አደረግኩ? ዳርኩሽ እንጂ!»

«እኔ የማጥበው የማንን ልብስ ነው? እንዲህ ተጣድፈው የሚሰጧት ምን ብትሆን ነው አይሉም?»

ያኔ ገባኝ። ሳይመሽ ወሬው ቀድሞን ነበር። ልጅቷ ከአንዱ ጣሊያን አርግዛለች፣ ወንድሟም ሳይታወቅባት ሊገላገላት ከድሬዳዋ ተጠርቶ መጣ ተባለ። ከእነግርማ ቤትም «ነገሩን እስክናጣራ» የሚል መልእክት መጣ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ሲጮህ እኔ አቶ ተክሌ ቤት ደጃፍ ላይ ነበርኩ። የይለፍ ወረቀቴን ዘርግቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እህቴ አንዳች እንከን እንደሌለባት፣ ጥፋቱ የእኔ ችኮላ እንደሆነ፣ እሺ የማለቱ ክብር እንዳያመልጠኝ ስስገበገብ ስሟን እንዳጎደፍኩ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ባቡርህ ሄደ እኮ፣ ልጄ።»

«ይሂድ።»

«ይቀጡሃል።»

«ይቅጡኝ።»

ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና፣ «እንግዲያው እኛም ትናንት ምንም አልሰማንም። ነገ እንመጣለን። በደንብ አድርገህ መልሰን» አሉኝ።

ማክሰኞ ጎረቤት ሁሉ እያየ መጡ። አስቁሜ አቆየኋቸው። አንገቴን ቀና አድርጌ «ዘመድ እናማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አልኩ። አቶ ተክሌ ቅር ያላቸው መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግሩም አድርገው ነው የመሰሉት! ወሬው በዚያው ሞተ።

ድሬዳዋ ስደርስ ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት አይተው ጣሊያኖቹ አሠሩኝ። እናቴ እሺታውን በተናገረችበት ቀን እኔ እስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር። ስፈታም ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት አገኘሁ። ለብዙ ዓመታት ያንን ወግ ረገምኩት። ለሽማግሌዎች መኮፈሻ ሲባል ሁለት ሳምንት ማስጠበቅ ምን ይረባል? እል ነበር።

ባለፈው እሑድ ከጎረቤታችን ቤት ሽምግልና በማግስቱ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ወሎ ሰፈር ነው የምትኖረው። ግርማ ካረፈ ቆይቷል። ያየሁትን አጫወትኳትና ያንን ወግ እንደ ልማዴ ረገምኩላት። ሳቀች።

«ያኔ እኔ ግርማን አይቼው የማላውቅ መሆኔን ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

«በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀሚሴን ላስጠብብ መስዬ ሱቁ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። ለካኝና ‹እህቴ፣ እንዲሁ ያምርብሻል፣ ገንዘብሽን አታውጪ› ብሎ መለሰኝ። ያኔ ወደድኩት።»

«ባትወጂውስ ኖሮ?»

«በነጋታው በባቡር አንተ ጋ እመጣ ነበር። ስንቄን ቋጥሬ ነበር እኮ።»

እኔ ልድራት የተጣደፍኩላትን፣ ለክብሯ የታሠርኩላትን እህቴን፣ ግርማን ትፈልገው እንደሆነ እስካለፈው ሰኞ ድረስ አልጠየቅኳትም።