የጠፉት እንቁላሎች

ላብራቶሪው ውስጥ «እትዬ ጠርጥር» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ሚዛኑን ትጠረጥራለች፣ የግድግዳውን ሰዓት ትጠረጥራለች፣ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ስም አታምንም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰገራ በጨው ውሃ በጥብጣ በማይክሮስኮፕ ስትመረምር የኖረች ሴት ናትና፣ አዲሱ ባልደረባዋ ሌላ ዘዴ ይዞ ሲመጣ ሆዷ አልወደደውም።

እሷ በክብሪት ጫፍ የምትጨልፈውን እሱ በብዙ እጥፍ ወስዶ፣ በወንፊት አጣርቶ፣ ስላይድ ላይ ወፈር አድርጎ ግሊሰሪን በጠጣ ስስ ላስቲክ ይሸፍነዋል። አለቃቸው ሁለቱ ዘዴዎች ይወዳደሩ አለና ከአንድ የሰገራ ዕቃ እየተካፈሉ መመርመር ጀመሩ። እሷ «ንጹህ» ያለችውን እሱ «የመንጠቆ ትል እንቁላል አለው» ይላል። ለምሳ እስኪወጣ ጠብቃ የእሱን ስላይዶች ስታይ፣ እንቁላል የሚባል ነገር የለም።

«ይሄ ሰውዬ ከኪሱ ነው የሚያወጣው» አለች በሆዷ።

ነገሩ የባሰው የታናሽ እህቷ ልጅ ስትመረመር ነው። ልጅቷ ፊቷ ገርጥቷል፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። እሱ ያው ደም መጣጭ የመንጠቆ ትል አለባት አለ፤ መድኃኒት ታዘዘላት። እትዬ ጠርጥር እንደ ልማዷ በምሳ ሰዓት ስላይዱን አየች፤ ባዶ። ወዲያው ለእህቷ ደወለች።

«እንዳትሰጪያት! የውሸት ውጤት ነው።»

በሳምንቱ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው አጠገቡ ተቀመጠች። አዲስ ስላይድ ሠርቶ ጥቂት ቆየና፣ «ይኸው፣ ይዩት» አላት። አየች። እንቁላሉ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

«እንዳትነካው!» ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። እንቁላሉ ማንም ሳይነካው ጠርዙ እየደበዘዘ ሄደና ጠፋ።

«ግሊሰሪኑ ነው» አላት። «የዚህ ትል እንቁላል ስስ ስለሆነ ግሊሰሪን ውስጥ ከቆየ እንደ መስታወት ይጠራና አይታይም። እኔ ቶሎ የማየው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?»

«ተደብቀው እያዩ ማን ይንገርዎት?»

ልጅቷን በገዛ አፏ መድኃኒት ከልክላለች። ጋዋኗን ሳታወልቅ እህቷ ቤት ደረሰች።

«መድኃኒቱን ስጪያት! አሁኑኑ!»

እህቷ ከምታጥበው ልብስ ቀና ሳትል፣ «የዛን ዕለት ሰጥቻታለሁ» አለች።

«እንዳትሰጪያት አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። አንቺ ሰውን ሁሉ ስትጠረጥሪ፣ እኔ ደግሞ አንቺን ጠረጠርኩ።»

ደስታውም እፍረቱም ባንድ ላይ መጣባት። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና፣

«እስቲ የመድኃኒቱን ባዶ ካርቶን አሳዪኝ» አለች።