ጠብታ እንገር

ልጄ ስድስተኛ ወሬን ጨርሼ ሰባተኛውን ገና ስጀምር ተወለደ። ጭኑ አውራ ጣቴን አያህልም ነበር። ያልቅስ አያልቅስ አልሰማሁም፤ ሮጠው ማሞቂያ ክፍል አስገቡት፤ እኔን ደግሞ እናቶች የሚያርፉበት ክፍል አስተኙኝ።

በማግስቱ ሲስተሯ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ መጣች።

«እናት፣ ጡትሽን በእጅሽ እያለብሽ ጠብ ያለውን ሁሉ እዚህ አጠራቅሚልኝ። ቢጫውን ነው የምፈልገው።»

«ይጠባል እንዴ?» አልኳት፣ ልቤ ዘሎ።

«መጥባት ገና አያውቅም። መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስ አንድ ላይ አይሆንለትም። በቀጭን ቱቦ ነው ሆዱ የምናወርድለት። ሆዱ ወተት አይቶ አያውቅም፤ በጠብታ ነው የምናለማምደው።»

ይህን ስሰማ ጡቴም አብሮኝ ደነገጠ መሰለኝ፣ ምንም አልወጣው አለ። ከጎኔ ያለችው ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ጫማ የምትሸጥ የመንታ እናት ነበረች፤ ልጆቿ ከልጄ ጋር ማሞቂያ ክፍል ናቸው። ደረቷን ገልጣ እያለበች ሳቀችብኝ።

«ነይ ተሰለፊ! የወተት ላሞች ማኅበር ነው ይሄ።»

«አንቺማ በጥጃ ብዛት ሊቀመንበር ነሽ» አልኳት።

ጠዋቱን ሙሉ ስጨምቅ ዋልኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ። በመጨረሻ እንደ ማር ወፈር ያለ ቢጫ ነገር የኩባያዋን ታች ሸፈነላት። ብዙ ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፣ እንደዚያ የኮራሁበት ግን ትዝ አይለኝም። ኩባያዋን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ሽንት ቤት ሄድኩ።

ስመለስ አማቴ መጥተዋል። አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ከቡልቡላ ሁለት ታክሲ ቀይረው። ኩባያዋ ታጥባ፣ ጠርታ፣ ሶፍት ላይ ተደፍታለች።

«አጠብኩልሽ ልጄ። እንገሩንም ደፋሁልሽ» አሉኝ፣ ግንባሬን እየሳሙ።

«እማዬ… ምን አሉኝ?»

«እንገር ለሕፃን ሆድ ይከብዳል። ልጆቼን በሙሉ እንገሩን እያፈሰስኩ ነው ያጠባሁ፣ ባልሽንም ጭምር። አይዞሽ፣ ነጩ ይመጣል።»

የመንታዋ እናት ናት የተናገረችልኝ።

«እማማ፣ ከብት አርብተዋል አይደል?»

«እንዴታ! ልጄና እሷ አሁን ያሉበት ኮንዶሚኒየም የቆመው የእኔ ላሞች ሲግጡበት በነበረ መሬት ነው።»

«ታዲያ ጥጃ የናቱን እንገር ባይጠባ ምን ይሆናል?»

«ይሞታላ!» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «ጥጃና ሰው አንድ ነው እንዴ? ጥጃ'ኮ አራት ሆድ አለው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ኩባያዋን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ለሱ ነበር እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ለሱ ነበር።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። በምን አፌ? ለወለዷቸው ሁሉ ያደረጉትን ነው ለልጄ ያደረጉለት።

እንደገና ጀመርኩ። ባለቤቴ ከኤርፖርት፣ ከካርጎ ሥራው በየመሀሉ ይደውላል። «ወጣ?» «አልወጣም።» ከኋላው የአውሮፕላን ጩኸት ይሰማኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው አውሮፕላን በእኛ ጣሪያ ላይ ያልፋል። አማቴ ጀርባዬን ያሹኛል፣ አጥሚት ያስጎነጩኛል። ጠብ ማለት ሲጀምር ኩባያዋን በሁለት እጃቸው ከጡቴ ሥር ያዙልኝ፤ እስትንፋሳቸውን እንኳ የያዙ ይመስሉ ነበር። ሲስተሯ መጥታ ስትወስደው እስከ በሩ ሸኟት።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ሲመዘን ቀንሷል።

«እየበላ እንዴት ይቀንሳል?» አልኩ።

«ሁሉም መጀመሪያ ይቀንሳሉ፣ እናት። ከጠብታዋ ሌላ በደም ሥሩም ምግብ እየሰጠነው ነው። ታገሺ።»

ታገስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከሰዓት በኋላ ግን ሲስተሯ ፊቷ ተለውጦ መጣች። ሆዱ ተነፍቷል፤ ወተቱን ለጊዜው አቁመናል አለች።

አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እንገሩ ይሆን?»

«አይደለም እማማ። አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ ነው። እንዲህ ያሉት ላይ ይከሰታል።»

ሲስተሯ ስትወጣ እኔና አማቴ ተያየን። ዓይናቸው ውስጥ «ብዬሽ ነበር» የሚል አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ ነበር፣ ያሉት እውነት ሆኖ እንዳይገኝ የሚል። እኔም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ እንገር ጥቅም የሚያወራ ወረቀት ለክፍሉ ሴቶች ሁሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ፣ ለአንድ አፍታ አመንኳቸው። በገዛ ጡቴ ገደልኩት አልኩ።

ጉድ የሚባለው ደግሞ፣ ወተቴ ያኔ ነው የመጣው። ነጭ፣ የተትረፈረፈ፤ ልብሴን አልፎ አንሶላውን ያረጥባል። እያለብኩ ፍሪጅ እልካለሁ። «ማኅበሩ ውስጥ ያንቺን የሚያህል የለም» ትላለች የመንታዋ እናት ልታስቀኝ። ከእሷ አንደኛው ልጅ ወተት ጀምሯል፣ አንደኛው አልጀመረም፤ ስለዚህ እሷም ግማሽ ፊቷ ብቻ ነበር የሚስቀው። እኔ በማሞቂያው ቀዳዳ እጄን አስገብቼ ራሱ ላይ አሳርፋለሁ። እንዳትደባብሺው ተብያለሁ፤ መደባበስ ያደክመዋል። እጄን ማኖር ብቻ። ሆዱ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ። እናት ነኝ፣ ወተት አለኝ፣ ልጄ እጄ ሥር ነው፣ ግን ላጎርሰው አልችልም።

ሆዱ ለስለስ ያለ ዕለት ሲስተሯ «እንሞክር» አለችኝ። መግፊያው የወጣለት ሲሪንጅ ከቱቦው ጋር አያይዛ እጄ ላይ ሰጠችኝ፣ ታቹ ላይ ጥቂት ወተት አለ።

«ከፍ አድርገሽ ያዢው። አትግፊው። በራሱ ጊዜ ይውረድ።»

ያዝኩት። ወተቱ አይንቀሳቀስም። ክንዴን በሌላው እጄ ደገፍኩት። ቆይቶ ቆይቶ ጠርዙ ዝቅ ያለ መሰለኝ፣ ደግሞ ዓይኔ ነው አልኩ።

አማቴ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመዋል፤ መግባት አልተፈቀደላቸውም። አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ «ወረደ?» አሉኝ።

መውረዱንማ ወርዷል፤ ሲሪንጁ ባዶ ነው። ሆዱ ውስጥ ይርጋለት አይርጋለት ግን ሲስተሯም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ባዶውን ሲሪንጅ እንደያዝኩ፣ እጄን ማውረድ ፈርቼ፣ ሆዱን እያየሁ ቆምኩ።