ጥንቸሎቹ ያለቁበት ዓመት

ኔቪል በሩቅ ደሴት አገር፣ በማኬንዚ ሜዳ፣ በግ መሀል ተወልዶ በግ መሀል ያረጀ ሰው ነበር። «አፉን የሚከፍተው ለሻይ ብቻ ነው» እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበታል። ዝምታው ዕድሜ ልኩን እንደ ጨዋነት ሲቆጠርለት ኖሮ፣ በመጨረሻ ያዋረደው ራሱ ዝምታው ነው።

የዚያ አገር ገበሬ ጠላቱ ጥንቸል ነው። የምትስቁ ካላችሁ፣ ጥንቸል ኮረብታ ሙሉ ሣር ግጦ አፈሩን ለነፋስ ሲሰጥ አላያችሁም ማለት ነው። ጥንቸሉን ለአደንና ለወጥ ብለው ከባሕር ማዶ ያመጡት የነኔቪል ቅድመ አያቶች ናቸው። ሲበዛባቸው ደግሞ ይጨርስልናል ብለው ፌሬት የሚባለውን አውሬ አስመጡ፤ ሸለምጥማጥ የሚመስል፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጣ የሚገማ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸ ነው። ፌሬቱ ጥንቸሉን በላ እንጂ አልጨረሰም፤ የራሱን ጎተራ የሚያቃጥል ማን አለ? ሁለቱም ጎን ለጎን በዙ።

የኔቪል ሚስት የሮና ፍቅር ሌላ ነበር። ከቤታቸው በታች፣ ወንዙ በጠጠሩ መሀል እየተከፋፈለ በሚፈስበት ቦታ፣ በየጸደዩ ሁለት ጥቁር ወፎች ይመጣሉ። እግራቸው ረጅምና ቀይ ነው፤ ከዚያ ሜዳና ከአካባቢው በቀር የትም አይፈለፍሉም፣ እዚያም ቢሆን የቀሩት ጥቂት ናቸው። እንቁላላቸውን ባዶ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። የዚያ አገር ወፍ እንደ ፌሬት ያለ አዳኝ አውሬ ሳያውቅ የኖረ ስለሆነ መሸሸግን አልተማረም። ሮና ጠዋት ጠዋት ወርዳ በሩቅ ማያ መነጽር ታያቸዋለች።

«የኔዎቹ መጡ» ትላለች ስትመለስ።

«ያንቺዎቹ ፀጉር ቢሸለትላቸው ኖሮ ሀብታም ነበርን» ይላታል ኔቪል።

በዚያ ዓመት መንግሥት ጥንቸል የሚፈጅ በሽታ ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። ገበሬው ግን አስገባው። ሲያስገባ ያየ የለም፤ ያልሰማም የለም። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ክሌም በዚያ በሽታ የሞተ ጥንቸል በከረጢት ይዞ በጓሮ በር መጣ።

«ሮና የለችም?»

«ወንዝ ወርዳለች።»

«እንኳን ወረደች። ብሌንደራችሁ የታለ? የኔዋ ትናንት ሸቷት ወጥ ቤቱን ቆልፋብኛለች።»

«ሮና ብታይ እኛንም ትፈጨናለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ አጥበህ መልሰው። ምን ቸገረህ?»

የጥንቸሉን ጉበት በውሃ ፈጩት። ከካሮትና ከአጃ ጋር ለውሰው ጥንቸሎቹ እንዲበሉት ኮረብታው ላይ በተኑት። በየወጥ ቤቱ እንደዚሁ የሚያደርግ ስንቱ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ጥንቸሉ እንደ ቅጠል ረገፈ፣ ሣሩም ቀና አለ። ኔቪል ደስ አለው። ለምን አይለው፣ አባቱ በጥይትም በመርዝም ሲታገለው ሞቶ ያላሸነፈው ጠላት ነው።

ከዚያ አንድ ቀትር ላይ በግ መሸለቻው ደጃፍ ፌሬት አየ። ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሰው እያየም አልሸሸም። ኔቪል ያኔውኑ ገባው። ጥንቸል የለመደ ሆድ ጥንቸል ሲያጣ ጾሙን አያድርም፤ ታች ደግሞ ጠጠሩ ላይ የተጣለ እንቁላል አለ። ወጥመድ ይዞ መውረድ ነበረበት። ግን ወጥመድ ይዞ ቢወርድ ሮና «ዘንድሮ ምን ታየህ?» ማለቷ አይቀርም፣ መልሱም የብሌንደሩን ጉድ ያወጣል። ነገ፣ አለ። በማግስቱም ነገ፣ አለ።

ሮና ከወንዝ ስትመለስ ኮቷን እንደለበሰች ተቀመጠች።

«ሴቷን ፌሬት አንገቷን በልቷት አገኘኋት። እንቁላሎቹም የሉም። ባሏ እዚያው ቆሞ ይጮኻል።»

ኔቪል ለሁለቱም ሻይ ቀዳ።

«ፌሬት እኮ እዚህ ድሮም ነበር። ዘንድሮ ምን አመጣው?» ጥቂት አሰበችና፣ «እኔ ነኝ» አለች። «በየቀኑ የምመላለሰው በአንድ መንገድ ነው። የእግሬን ሽታ ተከትሎ ነው የደረሰባቸው። እኔ አይደለሁም የመራሁት? ንገረኝ እስቲ።»

ኔቪል ሻዩን አማሰለ።

«ምናልባት» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮና ወንዝ መውረድ ተወች። መነጽሯን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስለ ወፍ ሲወራ ተነስታ ትወጣለች። ኔቪል ግን የወንዙን ዳር ሁሉ ወጥመድ ተከለበት፤ በየጊዜው ፌሬት ይይዛል፣ ጸጸቱ ግን በአንዱም አልቀለለለትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ቤት ግን ዳዋው ራሱ «እኔ ነኝ የበላሁት» ብሎ ሲያለቅስ አይጡ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ኔቪል ይህን ያውቅ ነበር፤ በራሱም ያፍር ነበር።

በሚቀጥለው ጸደይ ወንዱ ወፍ ብቻውን መጣ። ጩኸቱ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ሮና መስኮቱን ዘጋች።

«ደግሞ እሱንም እንዳላስበላው» አለች።

ኔቪል ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ሮና፣ አንቺ አይደለሽም» አለና ሁሉንም ነገራት፤ ብሌንደሩን፣ ጎድኑ የሚቆጠረውን ፌሬት፣ ነገ እያለ ያሳለፋቸውን ቀናት። በትዳራቸው ዘመን እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሮ አያውቅም።

«የብሌንደሩን አውቄያለሁ» አለች ሮና። «አንድ ሲኒ አጥቦ የማያውቅ ሰው እሱን ፏ አድርጎ ሲያስቀምጥልኝ እንዴት አላውቅ? አገሩ ሁሉ ያደረገውን አንተም ብታደርግ አልፈርድብህም። ፌሬቶቹ ሲርባቸው ወደ ወፍ እንደሚዞሩ ግን አላሰብኩትም። አንተ አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«እኔ ነኝ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር፣ ኔቪል። ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ነበር የጠየቅኩህ።»

ሮና ተነስታ መስኮቱን መልሳ ከፈተችና ቦቲ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። ኔቪልም ኮፍያውን አንስቶ ሊከተላት ወደ በሩ ተጠጋ።

«አንተ እዚሁ ቅር» አለችውና ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች።