አንዴ ብቻ የሚባል ቃል

የሥራ ባልደረቦቹ ጋሽ እሺ ይሉታል። ምን ቢሉት መልሱ እሺ ነውና። ላሜራ በሚቆረጥበት ወርክሾፕ ውስጥ ከትልቁ መቁረጫ ማሽን ፊት ቆሞ ሸብቷል። እሱ ላሜራውን ያስገባል፤ ጓደኛው «ልቀቅ!» ብሎ ይጮኽና ፔዳሉን ይረግጣል። እጅህን አንሣ ማለት ነው። ቃሉ አንዴ ብቻ ነው የሚባለው። ስለቱ ሁለተኛ ጊዜ እስኪባል አይጠብቅም።

ቤት ውስጥ ይኸው እሺ ሚስቱን አንገበገባት። «ጣሪያው ያፈሳል» ስትለው እሺ። «ልጃችን ደውላ ነበር፤ አሟታል» ስትለውም እሺ፤ ቀና ብሎ እንኳ አያያትም።

«ለካ ያገባሁት ግድግዳ ኖሯል» አለች ለእህቷ።

«ግድግዳስ ሲመቱት ይጮኻል!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ግን ሚስትየው ልብሷን በሻንጣ ከትታ ከአልጋው ሥር አስገባች።

ከመሄዷ በፊት የመጨረሻውን ልሞክር ብላ የትዳር አማካሪ ዘንድ ወሰደችው። አማካሪዋ ወጣት ሴት ናት። ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት እትዬ ያሉትን መልሰው ይንገሩኝ።»

ሚስትየው ጀመረች፤ «ስናገር ንቀኸኝ ዝም ትላለህ።»

ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል፣ «ስትናገር ንቄያት ዝም እላለሁ» አለ። አንዲት ቃል አልሳተም።

አማካሪዋን ደስ አላት። ሚስትየው ግን ፊቷ ጠቆረ። «አየሽልኝ? ሲፈልግ ይሰማል!»

እንባዋ መጣ። ፊቷን በመሐረብ ሸፍና፣ «በቃኝ፤ ልቀቀኝ» አለች።

«እሺ» አለ።

ሚስትየው ተነሣችና በጀርባው በኩል አልፋ የበሩን እጀታ ያዘች።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች።

አልዞረም። የአማካሪዋን አፍ እያየ ፈገግ እንዳለ ነው።

«አንተ! የልጄ አባት!»

አሁንም አልዞረም። እጀታውን ለቀቀች። ተመልሳ ፊቱ ተንበረከከች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ደነገጠ። «ቆይቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላለቃዬ እንዳትነግሪብኝ። ደንቆሮን ማሽን ላይ ማን ያቆማል?»

«ጓደኛህ ልቀቅ ሲልስ?»

«አፉን አያለሁ።»

«ሌላ ነገር ብታይስ?»

«ምን አለና! ደሞ እሱ እንዳንቺ አያምርም፤ የማየው ለእንጀራዬ ስል ነው።»

«እሺ» አለች። ቃሉን ከእሱ ተዋሰችው።

ሻንጣዋን ፈታ ልብሷን መለሰች። ጠዋት ግን ሲወጣ እስከ ወርክሾፑ ተከተለችው። ቀስ በል አለችው ለጀርባው፤ እንደማይሰማ እያወቀች። እሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሷ ከግቢው በር ላይ ቆመች።

ከግቢው ማዶ ማሽኑ ይታያል። ባሏ ላሜራውን ይዞ ጎንበስ ብሏል። ጓደኛው ፔዳሉ ጋ ቆሟል። ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ኖሮ አፉንና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሏል።

ባሏን ጠርታ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ማን ሊሰማት? ሮጠች።

ጓደኛው «ልቀቅ!» ሲል ሰማች።

ግማሽ መንገድ ላይ ሳለች ስለቱ ወረደ፤ ያንኑ ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሰማችው፣ አሁን በዋይታ።